አየሩን የሚለምኑት ሰው

ጋሽ መንበሩ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ስልኩ ሲጠራ አንድ የማይክሮስኮፕ ሌንስ በመምጠጫዬ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር በግራ እጄ ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩትና "እሺ፣ እየሰማሁ ነው" አልኩ። ደብረ ታቦር አብራኝ ትሠራ የነበረችው የንብረት ክፍሏ ልጅ ነበረች። "ትዕግስት፣ ጋሽ መንበሩ ዐረፉ። ትናንት አገራቸው ይፋግ ቀበርናቸው" አለችኝ። ምን ይደረግ? ሌንሱን አልጥለው፣ እጄን አላንቀጠቅጥ። ትንፋሼን ይዤ ከማረፊያው አደረስኩት፤ አየር አስገባሁለት፤ ጎማው ለቀቀው፤ ተቀመጠ። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። "ደግ አደረግሽ፤ መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ እንባው" ሲሉኝ ታየኝና ጭራሽ ባሰብኝ።

መምጠጫ ያልኩት ከሱቅ የሚገዛ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ስሪንጅ፣ አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ከሕፃን ጡጦ የተቆረጠ ጎማ፤ በቃ ይኸው ነው። ጎማውን ሌንሱ ላይ አሳርፎ የስሪንጁን ዘንግ ትንሽ ሳብ ማድረግ ነው። መሃል ያለው አየር ሲቀንስ ሌንሱ ከጎማው ጋር ይጣበቅና እጅ ሳይነካው ይነሳል። ለዚህ ሥራ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ማሽን መኖሩን አውቃለሁ፤ ስማር ሥዕሉን አሳይተውናል። እኔ የምሠራው ግን ጋሽ መንበሩ በሰጡኝ ነው፤ ዛሬም ከእሱ ሌላ አላምንም።

ደብረ ታቦር የገባሁት የሕክምና መሣሪያ ጥገና ተምሬ በተመረቅሁ በዓመቱ፣ ከአዳማ ነው። ብርዱ ገደለኝ፤ ኩራቴ ግን አልሞተም ነበር። በወረቀት ላይ የሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ። ጋሽ መንበሩ ደግሞ በፍሪጅ ጠጋኝነት ተቀጥረው፣ ከጊዜ ብዛት የሆስፒታሉ ዕቃ ሁሉ በእሳቸው ላይ የወደቀ፣ ዲፕሎማ የሌላቸው፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። አጠር ብለው ደረቅ ያሉ፣ ከሰማያዊው የሥራ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው የሚሠሩ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ። ፓምፕ ሲያዳምጡም፣ እኔን ሲያዳምጡም ይጨፍናሉ። መጀመሪያ የተኙብኝ መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን እያስጎበኙኝ "ረዳት የለዎትም እንዴ?" አልኳቸው።

"አለኝ እንጂ።"

"የት አለ?"

"አየር ቀጥሬያለሁ" አሉኝ። ቀልድ መሰለኝና አልሳቅኩም፤ አለቃ ነኛ።

መጀመሪያ የተጣላነው በጤፍ ነው። መደርደሪያቸውን ስፈትሽ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተሠራ፣ ትራስ የሚያህል ከረጢት አገኘሁ። አፉ በቡሽ ተደፍኖ በቡሹ መሃል ቀጭን ቱቦ ያልፋል። ስዳስሰው ጤፍ ሞልቶበታል። የሕክምና መሣሪያ በሚጠገንበት ክፍል ውስጥ እህል! "ጋሽ መንበሩ፣ አይጥ ሊጠሩብኝ ነው?" ብዬ ጮህኩ። ወጥተው ቆዩና ከየት እንዳመጡት እንጃ አንድ እንቁላል ይዘው ገቡ።

እንቁላሉን ከረጢቱ ላይ አስተኝተው፣ ከረጢቱን እንደ ሕፃን መጠቅለያ አጠፉበት። ቱቦውን ከብስክሌት ፓምፕ ጋር አገናኙት። ፓምፑ ውስጥ ያለውን ቆዳ ገልብጠው ስላስገቡት አየር መንፋቱን ትቶ መሳብ ሆኗል ሥራው። ጥቂት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረጉ። ያ የሚልፈሰፈስ ከረጢት እያየሁት ደረቀ፤ እንደ ጡብ ሆነ። ቱቦውን በቀዶ ሕክምና መቆንጠጫ ቆነጠጡና ለእኔ ሰጡኝ።

"ጣዪው" አሉኝ።

"ምን?"

"ሲሚንቶው ላይ ጣዪው።"

ጣልኩት። "አሁን ደግሞ ቁሚበት" አሉ። ቆምኩበት፤ በንዴት ስለነበር ትንሽም ረገጥ አድርጌዋለሁ። ቡሹን ሲነቅሉት ከረጢቱ እፎይ ብሎ ላላ፤ እንቁላሉ ከነነፍሱ ወጣ። ሁዳዴ ስለነበር የሚበላው አልተገኘም። እኔ እንኳ ሳልጾም በእልኬ ሳልበላው ቀረሁ።

"ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከማንኛውም ቅርጽ ጋር ይስማማል" አሉኝ ተቀምጠን ስንነጋገር። "ደግሞ አይነቅዝም። ገብስ ብሞላበት በወሩ ነቀዝ ይይዘውና አጉል ነው። አየሩ ሲወጣለት ፍሬው እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የታቀፈውን ሳይጫነው ይዞት ይቀራል።"

"ቫኪዩም ነው የያዘው" አልኩ፣ መማሬን ላሳይ ብዬ።

"አይ፣ እሱ ላይ አልስማማም። ባዶ ነገር ምን ጉልበት አለው ብለሽ ነው? የሚይዘው ውጭ ያለው አየር ነው። ውስጡ ሲጎድል ጊዜ ውጩ ከየአቅጣጫው መጥቶ ይደግፈዋል። እኛ ሥራችን ቦታ መልቀቅ ብቻ ነው።"

ልክ ነበሩ። ፊዚክሱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን አምስት ዓመት ተምሬ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን እንደጀመሩት የነገረችኝ የንብረት ክፍሏ ልጅ ናት፤ እሳቸው አያነሱትም። ከዓመታት በፊት የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሠራበትን ማይክሮስኮፕ ይዘው ወደ አንድ ወረዳ ሲሄዱ ሌንሱን በጥጥ ጠቅልለው ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ሲደርሱ ሌንሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው ተሰብስበው የነበሩ ሰዎች በበትር እየተመሩ እንደመጡ በበትር እየተመሩ ተመለሱ። ጋሽ መንበሩ መንገድ ዳር ቆመው የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ አይተዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጉዳይ ከአፋቸው የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጥጥ ያቅፋል እንጂ አይዝም።"

እንከን አልነበረባቸውም አልልም። ምንም ነገር አይጥሉም፤ የተበጠሰ ጋቢ ክር ሳይቀር በጣሳ ያስቀምጣሉ። ሪፖርት የሚባል ነገር አይጽፉም። የሦስት ወር የሥራ ሪፖርት ካልሰጡኝ ለበላይ እጽፋለሁ ብዬ ሳስፈራራቸው አንድ ገጽ አመጡልኝ፤ ከላይ ቀን፣ ከታች ፊርማ፣ መሃል ላይ "ሁሉም ደህና ነው" ይላል። ጠዋት ጠዋት ስገባ "ትዕግስት" ብለው ይጠሩኝና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ይህን ስም ማን አወጣልሽ? ሳያይሽ መሆን አለበት።" ስሪንጅ ሲያስይዙኝማ አሳሬን አይቻለሁ። ዘንጉን ሳብ ሳደርገው እጄን ያዝ አድርገው "አየሩን አትንጠቂው፤ ለምኚው" ይሉኛል። ስንት ቀን እንዳሉኝ አልቆጠርኩም። ለምኜ የሰጠኝ ቀን ግን ትዝ ይለኛል፤ ሌንሱ ከጎማው ጋር ሲያያዝ በጣቴ ተሰማኝና እንደ ልጅ ሳቅኩ፤ እሳቸውም ሳቁ።

አሁን ወደ ጉናው ጉዞ ልግባ። ጋሽ መንበሩን የማልረሳቸው በዚያ ነው።

ከጉና ተራራ ሥር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ለሁለት ቀን፣ አንዱን ቀን ቀዶ ሕክምና፣ በማግስቱ ፋሻ መፍቻ፣ የዓይን ሞራ ሕክምና እንዲሰጥ ተወሰነ። የምትሠራው የዓይን ዶክተር ከዚያ ወዲያ ሌላ ወረዳ ስለምትጠበቅ ሦስተኛ ቀን የላትም። በማይክሮስኮፓችን ላይ ሌንሱን የሚይዘው ቀለበት ከተሰበረ ቆይቷል፤ መለዋወጫ አልተገኘለትም። ስለዚህ በጉዞ ጊዜ ጋሽ መንበሩ ሌንሱን ለብቻው ያወጡታል፣ ሲደርሱ በራሳቸው ብልሃት መልሰው ይገጥሙታል። ሌንሱን በስስ የሌንስ ወረቀት ጠቅልለው ከጤፉ ከረጢት እጥፋት ውስጥ አስገቡት፤ አየሩን ሳቡ፤ ደረቀ። "እንግዲህ የአንቺ ልጅ ነው፤ ያዢው" ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

መኪናው እስከሚደርስበት ሄድን፤ ቀሪውን በበቅሎ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ጋሽ መንበሩ ከኋላዬ "ከረጢቱን ዳስሺው እስኪ" አሉኝ። ስዳስሰው ላላ ብሏል። "ጉና ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የሚጨምቅልን ጉልበት ይቀንሳል። ትንሽ እንጨምርለት" አሉና ከበቅሎ ወርደን፣ ነፋሱ ጋቢያቸውን እያርገበገበው፣ በብስክሌት ፓምፑ ጥቂት ሳብ ሳብ አደረጉለት። የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩን። በመንገድ መሃል እህል የሚነፋ ሰው አይተው አያውቁም መቼም።

ስንደርስ ቀትር አልፏል። እኔን ከፍታው ራሴን ሊፈልጠው ደርሷል። የጤና ጣቢያው ግቢ በሰው ሞልቷል፤ ከሩቅ ቀበሌ በበቅሎ የመጡ፣ ዓይናቸው ነጭ የሆነባቸው ሽማግሎችና ባልቴቶች፣ መሪዎቻቸው ከጎናቸው። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራበት ክፍል ገና እየተጠረገ ስለሆነ አቧራው አያስጠጋም። ጋሽ መንበሩ "አንቺ ከረጢቱን ይዘሽ ማደሪያችን ሂጂና ረፍት አድርጊ። ክፍሉ ሲጸዳ እልክብሻለሁ። ከእጅሽ እንዳይወጣ" አሉኝ።

ማደሪያችን ከጤና ጣቢያው አጠገብ ያለው የወይዘሮ ደብሬ ቤት ነበር። ወይዘሮ ደብሬ ራሳቸው በማግስቱ ሊሠራላቸው ከተመዘገቡት አንዷ ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። የእርምጃዬን ድምፅ ሰምተው ከበራፍ ተቀበሉኝ፤ በዚያ አገር እንግዳ ሸክሙን እንደያዘ ደጅ አይቆምምና እጃቸውን ዘርግተው ከረጢቱን ከላዬ ወሰዱት።

"ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ደክሞሻል። ምን ተሸክመሽ ነው ይህን ያህል?"

አሁን ምን ብዬ ላስረዳ? ስለ ሌንስ፣ ስለ ቫኪዩም፣ ራሴን እየፈለጠኝ? "ጤፍ ነው እማማ" አልኩ።

ከረጢቱን ወደ ደረታቸው አስጠግተው "ጤፍ! ከደብረ ታቦር ድረስ! እግዜር ይስጥሽ፤ እኔ ምን ሠርቼልሽ ነው?" አሉ። የባላገር ጨዋነት ነው ብዬ አለፍኩት። መደቡ ላይ ጋደም አልኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።

እዚያ የሚበቅለው ገብስና ድንች መሆኑን አውቃለሁ፤ ስንመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጤፍ ከቆላ ተገዝቶ የሚመጣ፣ ለበዓልና ለክብር እንግዳ የሚቆይ ነገር መሆኑን ግን አላሰብኩም። ጤፍ ይዞ የመጣ እንግዳ ጤፉን ለቤቱ ነው የሚያመጣው። እኔም በአፌ "ጤፍ ነው" ብያለሁ፤ ተቀብለውኛል፤ አመስግነውኛል። ለእሳቸው ነገሩ አልቋል።

ስነቃ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃለች። ወጣ ስል ግቢው መሃል ሰፌድ ላይ ጤፍ ተሰጥቷል። የላስቲኩ ከረጢት ታጥቦ በግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ተንጠልጥሏል።

ወይዘሮ ደብሬ ሰፌዱ አጠገብ ተቀምጠው ጤፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። "ነቃሽ ልጄ? ከረጢትሽን አጥቤልሻለሁ። ምን ነክቶት ነው እንዲህ የደረቀው? ብርድ ነክቶት ይሆን ብዬ ቡሹን ብነቅለው ተነፈሰብኝ፤ ደነገጥኩ" አሉና ሳቁ።

"እማማ፣ ከእሱ ጋር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አላገኙም?"

"አዎ፣ የጠርሙስ ቂጥ። ሰው እንዳይቆርጥ በወረቀት መጠቅለላችሁ ደግ አደረጋችሁ። ልጆች እንዳያገኟት ከካቡ ሽንቁር ውስጥ ሸጉጫታለሁ።"

አንዲት ቃል ሳልናገር ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ። ጋሽ መንበሩ ማይክሮስኮፑን አቁመው፣ የሌንሱን ቦታ ብቻ ክፍት ትተው እየጠበቁኝ ነበር። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ግርግዳው ሲናድብኝ እየጠበቅሁ ነው፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው።

"ወረቀቱ አብሮት አለ?"

"አብሮት ነው የሸጎጡት።"

"ምን እንደሆነ ነግረሻቸዋል?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እንግዲያ እንዳይነገራቸው። አንቺም፣ ማንም።" ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። "ነገ ከዚያ ሌንስ ሥር የሚተኙት እኚህ ሴትዮ ናቸው። የዓይን ሥራ ሰው ነቅቶ እያለ ነው የሚሠራ። እኔ አበላሽቼዋለሁ ብለው ልባቸው እየመታ ቢተኙ ዓይናቸው አይረጋም። ያልረጋ ዓይን ደግሞ አይነካም።"

የጤና ጣቢያውን ነርስ ልከው ወይዘሮ ደብሬን ከምራታቸው ጋር ለቅድመ ምርመራ አስጠሯቸው። እሳቸው ከቤት ሲወጡ እኛ ገባን። ጋሽ መንበሩ፣ እኔ፣ የወይዘሮ ደብሬ ልጅ አዳነ። ለአዳነ ነገሩን ሲነግሩት ፊቱ አመድ መሰለ።

ካቡ ያለ ጭቃ የተደረደረ ድንጋይ ነው። ሽንቁሩ ውስጥ በስልኬ መብራት ስናይ ሌንሱ ካስቀመጡት ቦታ ተንሸራትቶ ክንድ የማይደርስበት ዘልቋል። ወረቀቱ ግማሹ ተገልጦ አንዱ ፊቱ ብልጭ ይላል።

"ካቡን ላፍርሰው፤ መልሼ እክበዋለሁ" አለ አዳነ።

"የካብ ድንጋይ እንደ ባላገር ዘመድ ነው ልጄ፤ አንዱን ብትነካ ሁሉም ይነሳብሃል። ከላይ የሚወርደው ይጨፈልቀዋል።"

"በጉጠት ብንይዘውስ?" አልኩ እኔ።

"ጠርዙን ይሸርፈዋል።"

ከአዳነ አንድ አሮጌ ጃንጥላ ተቀብለው አንዱን ሽቦ ነቀሉ። የመምጠጫውን ቱቦ በክር ሽቦው ላይ አሰሩት። የጡጦውን ጎማ በጣታቸው ጨመቅ አደረጉትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብርዱ አድርቆታል፤ ደረቅ ጎማ አይገጥምም። በጋቢያቸው ውስጥ ከብብታቸው ሥር ሸጎጡትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አዳነን ስለ ገብሱ ይጠይቁት ጀመር። ዝናቡ እንዴት ነበር? ድንቹስ? ዋግ አልመታውም? እኔ ላብድ ነው።

"ጋሽ መንበሩ፣ ፀሐይዋ ጠለቀችብን እኮ!"

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?"

"አፍስሻለሁ እኮ!"

"እንግዲያ ለቀማው ላይ አትቸኩይ" አሉኝ።

ጎማው ሲሞቅ ተነሱ። እሳቸው ሽቦውን ወደ ሽንቁሩ ሰደዱ፤ ስሪንጁን ለእኔ ሰጡኝ። "ተቀምጧል። ሳቢ" አሉ። ሳብኩ። ሌንሱ ተነሳ፤ ጣት ያህል ከፍ አለ፤ ከዚያ ቀጭ ብሎ ወደቀ። የዚያ ድምፅ ነገር እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አዳነ ፊቱን አዞረ።

ጋሽ መንበሩ በብርሃኑ አዩት። "አልተሰበረም፤ ወረቀቱ ላይ ነው ያረፈው" አሉና ሽቦውን አወጡ። የጎማውን ከንፈር በምራቃቸው እርጥብ አደረጉ። "እዚህ አየሩ ድሃ ነው። ከደብረ ታቦሩ ትንሽ መጨመር አለብሽ። ግን—"

"አልነጥቀውም" አልኩ።

"ለምኚው።"

ያን ቀን የለመንኩት አየሩን ብቻ አልነበረም፤ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠርቻለሁ። ዘንጉን እየሳብኩ ሄድኩ፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ፣ ይዞ መሆኑን ጣቴ አወቀው። "ያዘ" አልኩ በሹክሹክታ። ጋሽ መንበሩ ሽቦውን እየሳቡ መጡ። መሃል ላይ ጠርዙ ድንጋይ ነካ፤ ቆሙ፤ ሽቦውን በጥቂቱ አዞሩት፤ አለፈ። ሌንሱ ከሽንቁሩ አፍ ሲወጣ ንጹሕ ወረቀት ዘረጋሁለት። አየር አስገባሁ፤ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ። ማንም በእጁ አልነካውም።

ዶክተሯ ማታውን ሌንሱ ከተገጠመ በኋላ አጎንብሳ አየችበት። "ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት አለች፤ መሃሉ ጥርት ያለ ነው። እንሠራለን" አለች። እኔ ወጥቼ ከግንቡ ጀርባ እንደገና አለቀስኩ። ጋሽ መንበሩ ተከትለውኝ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ለምን አልተቆጡኝም?" አልኳቸው።

"ተቆጥቼ ቢሆን ያ እጅሽ ስሪንጁን ይይዝ ነበር?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባቴ ወደድኳቸው። አልነገርኳቸውም፤ ያውቁት ይሆናል ብዬ ተውኩት። መንገር ነበረብኝ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ተሠራ። ወይዘሮ ደብሬ ተራቸው ሲደርስ ጸጥ ብለው ተኙ፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ከንፈራቸው ጸሎት እያነበነበ። ጋሽ መንበሩ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ነበር። በመሃሉ አዳነን ተልባ ለምነው ያን የታጠበ ከረጢት ለመልሱ ጉዞ ሞሉት። "ተልባ ይንሸራተታል፤ ከጤፍም ሳይሻል አይቀር" አሉኝ። ይሻል አይሻል እንጃ። ጤፉን መልሱልኝ የሚል ቃል ከአፋቸው እንዳይወጣ መሆኑን ግን አውቄባቸዋለሁ።

በደረስን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፋሻው ተፈታ። ወይዘሮ ደብሬ በተሠራው ቀኝ ዓይናቸው መጀመሪያ ልጃቸውን አዩና "አዳነ፣ ሸብተሃል" አሉት። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ፊታቸውን ይዘው አዩ፤ ታናሽየዋን ከተወለደች ጀምሮ አይተዋት አያውቁም። የማያለቅስ ሰው አልነበረም። እኛ በቅሎ እየጫንን ሳለን እሳቸው ያለ በትር፣ ያለ መሪ፣ ግቢውን አቋርጠው ሲሄዱ አየናቸው። ወደ ካቡ ነው የሄዱት። አጎንብሰው ሽንቁሩን ያያሉ፤ እጃቸውን ሰድደው ይፈልጋሉ።

"ምን ጠፋዎት እሜቴ?" አሉ ጋሽ መንበሩ።

"አንድ የጠርሙስ ቂጥ እዚህ ሸጉጬ ነበር። ዓይን ካገኘሁማ ራቅ አድርጌ ልቅበራት ብዬ ነው። ልጆቹ በዚህ ይንጠላጠላሉ፤ ሌሊቱን ሳስባት ነው ያደርኩ።"

አፌን ከፈትኩ። ልንገራቸው አሰኘኝ፤ አሁን አልቋል፣ አሁን ምን ይጎዳል? ሴትዮዋ የፈለጓት ነገር ብርሃናቸውን የመለሰችላቸው መሆኗን ቢያውቁ ምን አለበት? ጋሽ መንበሩ አዩኝ። አፌን ዘጋሁ።

"እኔ አንስቻታለሁ" አሉ ጋሽ መንበሩ። "ደህና ቦታ አስቀምጫታለሁ። አያስቡ።"

"ማንንም አትቆርጥም?"

"ማንንም አትቆርጥም።"

ወይዘሮ ደብሬ ቀና አሉ። እስከዚያች ሰዓት ጋሽ መንበሩን በድምፃቸው እንጂ በመልካቸው አያውቋቸውም። ፊታቸውን አዩአቸው፤ ከዚያ ወደ እጃቸው ዝቅ አሉ።

"ከድንጋይ መሃል መዝዘው ሲያወጧት ቆርጣዎት ይሆናል። እስኪ ያሳዩኝ" አሉ።

ጋሽ መንበሩ ሁለቱን እጃቸውን ዘረጉ። ወይዘሮ ደብሬ ተቀብለው፣ ወደ ፀሐዩ አዙረው፣ በዚያች በአንድ ቀን ዓይናቸው ጣት በጣት እያገላበጡ ተመለከቱ።